ሰንሰለቱን የፈታው ማን ነበር?

የሐኪሙ የፊሊፕ ፒኔል ሕይወትና የረዳቱ የፑሳን ሥራ

በፓሪስ ከተማ ሳልፔትሪዬር በሚባለው ትልቅ ሆስፒታል በር አጠገብ በ1885 ዓ.ም. የቆመ አንድ ሐውልት ይታያል። ሐውልቱ የአንድ ሐኪም ምስል ሲሆን በእጁ የተፈታ ሰንሰለት ይዟል፤ ከእግሩ ሥርም ከእስራቱ የተላቀቀች አንዲት ሴት ትታያለች። ይህ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ይባላል። አእምሮአቸው የታወከባቸውን ሰዎች እንደ አውሬ ማሰር ቀርቶ እንደ ማናቸውም በሽተኛ ማስታመም እንደሚገባ ለኤውሮፓ ካስተማሩት ሰዎች መካከል ስሙ በቀዳሚነት ይጠራል። በብዙ መጻሕፍትም አንድ ቀን ከእስረኞቹ ክፍል ገብቶ ሰንሰለታቸውን ያስወለቀ ጀግና ተደርጎ ተተርኮለታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እውነተኛው ታሪክ ግን ከሐውልቱ ታሪክ የረዘመ ነው፤ ትምህርቱም የበለጠ ነው። ሰንሰለቱን በመጀመሪያ ያስወለቀው ዝነኛው ሐኪም አልነበረም። ያስወለቀው ዲፕሎማ ያልነበረው፣ ቀድሞ ቆዳ ፋቂ የነበረ፣ ራሱም በዚያው ቤት በሽተኛ ሆኖ የተኛ አንድ ተራ ሠራተኛ ነው። የፒኔል ታላቅነት ደግሞ ከዚህ ሰው ለመማር ባለማፈሩና የተማረውንም በስሙ ሳይሸሽግ በመጻፉ ላይ ነው። ስለዚህ የፒኔልን ሕይወት ስንተርክ የዚያን ሠራተኛ ሕይወት ሳንተርክ ለማለፍ አይቻልም።

የወጣትነቱ ዘመን

ፊሊፕ ፒኔል በኤፕሪል 20 ቀን 1745 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ካስትር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ዦንኪዬር በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የገጠር ወጌሻ ነበረ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ወጌሻ ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ ደም የሚቀዳ፣ ጢምም የሚላጭ የእጅ ሙያተኛ እንጂ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሐኪም አልነበረም። ልጁ ለክህነት ታስቦ በካህናት ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም የላቲንን ቋንቋና የጥንት ደራስያንን ሥራ ተማረ። ወደ ቱሉዝም ሄዶ የነገረ መለኮትን ትምህርት እስከ 1770 ዓ.ም. ድረስ ተከታተለ። ነገር ግን ልቡ ወደ ሒሳብና ወደ ተፈጥሮ ጥናት ስላዘነበለ የክህነቱን ነገር ትቶ ወደ ሕክምና ዞረ። በ1773 ዓ.ም. በቱሉዝ የሐኪምነት ማዕረጉን ተቀበለ። ከዚያም በሕክምና ትምህርት ወደ ታወቀችው ወደ ሞንፔሊዬ ሄዶ ዕውቀቱን ሲያዳብር ጥቂት ዓመታት ቆየ።

በ1778 ዓ.ም. ዕድሉን ሊሞክር ወደ ፓሪስ ተጓዘ። ፓሪስ ግን እጇን ዘርግታ አልተቀበለችውም። የዋናው ከተማ የሕክምና ትምህርት ቤት በጠቅላይ ግዛት የተገኘውን ማዕረግ አይቀበልም ነበርና ፒኔል የሐኪም ማዕረግ እያለው በይፋ ለማከም ሳይፈቀድለት ቀረ። ሒሳብ እያስተማረ፣ የሕክምና መጻሕፍትን ከእንግሊዝኛ እየተረጎመ፣ ከ1784 ዓ.ም. ጀምሮም አንድ የጤና ጋዜጣ እያዘጋጀ ኑሮውን ገፋ። ገንዘብ ለሌላቸው ሐኪሞች የፓሪስን ፈቃድ በነፃ የሚያስገኝ የፈተና ውድድር ነበረ። ፒኔል ሁለት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። ዓይነ አፋርና በጉባኤ ፊት ንግግር የማይሆንለት ሰው ስለ ነበረ በውስጡ ያለውን ዕውቀት ፈታኞቹ አላዩለትም። ወደ ፓሪስ ከገባ ጀምሮ በአንድ የሕዝብ ሆስፒታል ሹመት እስካገኘበት ቀን ድረስ 15 ዓመት አለፈ። ዕድሜውም 48 ሆነ።

በዚህ በችግር ዘመኑ ፒኔልን ወደ አእምሮ ሕመም ጥናት የሳበው አንድ ብርቱ ሐዘን ነው። ሕግ ለመማር ወደ ፓሪስ የመጣ አንድ ወጣት ወዳጅ ነበረው። ይህ ወጣት በጥናት ብዛት ራሱን አደከመ፤ ምግብና እንቅልፍ ራቁት፤ በመጨረሻም አእምሮው ታወከ። በከተማው ሆስፒታል ቢተኛ አልተሻለውም። ወደ ወላጆቹ ቢመልሱት አንድ ቀን ጠፍቶ ጫካ ገባና ሞቶ ተገኘ። ፒኔል ይህን ሞት ሊረሳው አልቻለም። ሕመሙ የማይድን ሆኖ ሳይሆን የሚያስታምመው በማጣቱ የሞተ ሰው ሆኖ ታየው።

ከ1786 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቤሎም የሚባል ሰው ባለጸጎች የአእምሮ ሕሙማንን በክፍያ በሚያኖርበት የግል ቤት ሐኪም ሆኖ አምስት ዓመት ያህል ሠራ። እዚያም በሽተኞቹን በቅርብ ለማየት ቻለ። ነገር ግን ፒኔል እንደ ተመለከተው የቤቱ ገቢ ከበሽተኞቹ ብዛት የሚገኝ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሰዎቹ ድነው እንዲወጡ እምብዛም አይጓጓም ነበር። የማስታመሚያ ቤት ትርፍ በበሽተኛው መቆየት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሕክምናው ምን እንደሚሆን ፒኔል በዓይኑ አየ።

ቢሴትር

የፈረንሳይ አብዮት ከተነሣ በኋላ የፒኔል ወዳጆች በሆስፒታሎች አስተዳደር ውስጥ ሥልጣን አገኙ። ከእነርሱም አንዱ ሐኪሙ ካባኒስ ነበረ። በእነርሱ ድጋፍ ፒኔል በኦገስት ወር 1793 ዓ.ም. የቢሴትር ሐኪም ሆኖ ተሾመ፤ በሚቀጥለውም ወር ሥራውን ጀመረ። ጊዜው እጅግ የከፋ ነበር። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ተገድሎ ነበር፤ ፒኔልም ራሱ በብሔራዊ ዘብ ውስጥ መሣሪያ ይዞ በቦታው ቆሞ ነበር። በከተማው ውስጥ ሰው በአንድ ቃል ይከሰስና አንገቱን ያጣ ነበር።

ቢሴትር ከፓሪስ በስተደቡብ በኮረብታ ላይ የተሠራ ሰፊ ግቢ ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ አጥር ውስጥ ሆስፒታልም፣ የድኾች መጦሪያም፣ ወህኒ ቤትም ነበረ። 4,000 ያህል ወንዶች ይኖሩበት ነበር፤ ከእነዚህም መካከል 200 የሚሆኑት የአእምሮ ሕሙማን ናቸው። ሕሙማኑ የሚኖሩበት ክፍል ለብቻው የተከለለ ሲሆን ወደዚያ የሚገቡትም አይድኑም ተብለው ተስፋ የተቆረጠባቸው ነበሩ። ከጠባብ ክፍሎቹ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ብዙ ናቸው።

ፒኔል ወደዚህ ክፍል ሲገባ ግን ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። በክፍሉ ውስጥ ሥርዐት ነበረ። አስታማሚዎቹ በሽተኞቹን አይመቱም። የክፍሉ አለቃ እያንዳንዱን በሽተኛ በስሙ፣ በጠባዩና በታሪኩ ያውቀው ነበር። ይህም አለቃ ዣን ባቲስት ፑሳን ይባላል።

የፑሳን ሥርዐት

ፑሳን በምሥራቅ ፈረንሳይ ሎን ለ ሶኒዬ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ በዕድሜ ከፒኔል ጋር እኩያ የሆነ ሰው ነበር። ሥራው ቆዳ ፋቂነት ነው። በ1771 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በሚያብጥና በሚቆስል ሕመም ታሞ ቢሴትር ገባ። ሕመሙ ከተሻለው በኋላ ከዚያው ሳይወጣ ሥራ ያዘ። በትንሽ ሥራ ጀምሮ ከ1780ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ የአእምሮ ሕሙማኑ ክፍል አለቃ ሆነ። ሚስቱ ማርግሪት ዡብሊንም ከእርሱ ጋር ትሠራ ነበር። ፑሳን ከዩኒቨርሲቲ የተማረው ነገር አልነበረም። በሽተኛ ሆኖ መተኛት ምን እንደ ሆነ ግን ያውቅ ነበር።

የፑሳን የመጀመሪያ ደንብ አጭር ነው፤ በሽተኛን የሚመታ አስታማሚ ከሥራው ይወጣል። በሽተኛው ቀድሞ ቢመታውም እንኳ አስታማሚው አጸፋ እንዲመልስ አይፈቀድለትም። ይህን ደንብ ማውጣት ለማንም ሹም ቀላል ነው፤ በሥራ ላይ ማዋል ግን ከባድ ነው። ምክንያቱም የሚመታ በሽተኛን ሳይመቱ መያዝ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ዘዴም ይጠይቃል። ፑሳን ዘዴውን ለሠራተኞቹ አሳያቸው። አንድ ሰው ሲቆጣና ሲነሣበት አለቃው ራሱ በድፍረት ከፊት ለፊቱ እያናገረ ይቀርበዋል፤ በዚህ ጊዜ ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ሳይጎዱት ይይዙታል። ቁጣው ሲበርድ ይለቁታል። ቂም አይያዝበትም።

ሁለተኛው ደንቡ የሠራተኞች አመራረጥ ነው። ፑሳን አስታማሚዎቹን የሚመርጠው በተቻለው መጠን ከዳኑትና በማገገም ላይ ካሉት በሽተኞች መካከል ነበር። እነዚህ ሰዎች የሰንሰለትን ክብደት በገዛ አካላቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ በሌላው ላይ ለመጫን አይቸኩሉም። ከዚህም በቀር ሥራው ለእነርሱ ለራሳቸው መድኃኒት ሆነላቸው። ሰው በሌላው ዘንድ የሚፈለግ መሆኑን ሲያውቅ አእምሮው እንደሚጠነክር ፑሳን ከልምድ ተረዳ።

ሦስተኛው ነገር የማርግሪት ሥራ ነው። በሽተኛ ምግብ አልቀበልም ብሎ ሰውነቱ ሲያልቅ ይህች ሴት እየቀለደችና እያሳቀች እንዲበላ ታደርገው ነበር። ፒኔል የዚህችን ሴት ብልኀት በመጽሐፉ ውስጥ አመስግኖ ጽፎታል። ማርግሪት ምንም ማዕረግ ያልነበራት ሴት ናት፤ ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው በእርሷ ምክንያት ከሞት እንደ ተረፈ መገመት አያዳግትም።

ሐኪሙ ተማሪ ሆነ

እንግዲህ ፒኔል ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ከትልቅ ትምህርት ቤት የወጣ፣ መጻሕፍት የተረጎመ ሐኪም ነው። ፑሳንን ገሸሽ አድርጎ ትእዛዝ ቢሰጥ የሚከለክለው አልነበረም። ፒኔል ግን ማስታወሻውን ይዞ ወደ ክፍሉ በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። ፑሳን የሚሠራውን ይመለከታል፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይጠይቃል፤ በሽተኞቹን ራሳቸውን ቁጭ ብሎ ያነጋግራል፤ የሰማውንና ያየውን ይጽፋል። የሊቅነቱን ኩራት አውልቆ የአንድ ቆዳ ፋቂ ተማሪ ሆነ። በቢሴትር የቆየውም ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ለዕድሜ ልኩ የበቃውን ዕውቀት ግን ያገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

በዚያ ክፍል ከተከታተላቸው በሽተኞች አንዱ የፓሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው ስለ ንጉሡ መገደል ያሰበውን በሰው ፊት ተናገረ፤ በኋላም ለዚህ ንግግሬ አንገቴ ይቆረጣል በሚል ፍርሃት ታሞ ቢሴትር ገባ። ፒኔል በመጀመሪያ የሰጠው መድኃኒት ሥራ ነው፤ የበሽተኞቹን ልብስ በትንሽ ክፍያ እንዲጠግን አደረገ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ሲይዝ ፍርሃቱ እየቀለለ ሄደ። ሕመሙ እንደ ገና ሲመለስበት ደግሞ ፒኔል ሌላ ዘዴ ፈለገ። ወጣት ሐኪሞችን እንደ ዳኞች አልብሶ አቀረባቸው፤ እነርሱም ሰውየውን መርምረው ከክስ ነፃ ነህ ብለው ፈረዱለት። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ዳነ። ነገር ግን ነገሩ ጨዋታ እንደ ነበረ ሲሰማ ሕመሙ ተመለሰበትና ሳይድን ቀረ። ፒኔል ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል። ሥራው የረዳውን ያህል ማታለሉ እንዳልረዳው አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ሌላው የተማረው ነገር ስለ ምግብ ነው። ፒኔል በጻፈው ታሪክ መሠረት አብዮተኞቹ የበሽተኞቹን የዳቦ ድርሻ ከፍ አድርገውላቸው በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም ከ1793 እስከ 1794 ባለው ዓመት፣ በመላው ዓመት በክፍሉ ውስጥ የሞቱት 27 ሰዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር እህል ሲጠፋና የዳቦው ድርሻ ሲቀነስ ግን በሁለት ወር ብቻ 29 ሰዎች ሞቱ። ዋናው ለውጥ የዳቦው ነበር። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሲርበው ወጥቶ ምግብ አይፈልግም፤ ጠባቂው የሰጠውን ብቻ ይበላል። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሆስፒታልን በጀት በአንድ መስመር የሚሰርዝ ባለሥልጣን ይህን የፒኔልን ሒሳብ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ሰንሰለቱ እንዴት ወለቀ

ፒኔል በ1795 ዓ.ም. የሳልፔትሪዬር ዋና ሐኪም ሆኖ ከቢሴትር ወጣ። በዚያን ጊዜ የቢሴትር ሰንሰለት ገና አልወለቀም ነበር። ፑሳን በቦታው ቀርቶ ሥራውን ቀጠለ። በ1797 ዓ.ም. በክፍሉ ውስጥ የቀረውን ሰንሰለት ሁሉ አስወለቀ። በምትኩም ለሚቆጡት በሽተኞች ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ፣ እጅጌው ረጅምና ከኋላ የሚታሰር ልብስ አለበሳቸው። በዚህ ልብስ እጃቸው ቢያዝም በግቢው ውስጥ ለመንሸራሸር ይችላሉ። ፑሳን በዚያው ጊዜ ለአለቆቹ ባቀረበው ጽሑፍ ሰንሰለቱ ከወለቀ በኋላ በሽተኞቹ ከቀድሞው የባሰ አደገኛ እንዳልሆኑ ገልጿል። የመንግሥት አዋጅ ሳይወጣ፣ ሕዝብም ሳይሰበሰብ ሰንሰለቱ ወለቀ። ለዓመታት የተካሄደው ጥንቃቄ ፍሬ ስለ ነበረ ያለ ሁከት ተፈጸመ።

ፒኔል በ1809 ዓ.ም. ባሳተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም እርሱ በቢሴትር ሳለ የዚህን ልማድ መጨረሻ ሳያይ መቅረቱ እንዳሳዘነው፣ ሰንሰለቱንም ያስወለቀው ፑሳን እንደ ሆነ በግልጽ መስክሯል።

ሳልፔትሪዬር

ሳልፔትሪዬር ለሴቶች የተሠራ ቤት ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች፣ ድኾችና ሕሙማን ሴቶች ይኖሩበት ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በብዙ መቶ የሚቆጠሩት አእምሮአቸው የታወከ ናቸው። ፒኔል የቢሴትርን ሥርዐት ወደዚህ ሊያመጣ ቢያስብ አንድ ነገር ጎደለው። ሐሳቡ አለ፤ ሥልጣኑም አለ፤ የሚፈጽመው ሰው ግን የለም። ደንብ በወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ አስታማሚዎቹን እንደማይለውጥ አየ። ስለዚህ ፑሳን ወደ እርሱ እንዲዛወርለት የበላዮቹን ደጋግሞ ለመነ። ብዙ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1802 ዓ.ም. ፑሳንና ሚስቱ ወደ ሳልፔትሪዬር መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተቀናጀ። በሽተኞቹ እንደ ሕመማቸው ዓይነት ተለያይተው እንዲኖሩ ተደረገ፤ የሚቆጡት ለብቻቸው፣ ጸጥ ያሉት ለብቻቸው፣ በማገገም ላይ ያሉትም ለብቻቸው ሆኑ። ለሚሻላቸው ሴቶች የስፌት ሥራ ተከፈተላቸው። እያንዳንዷ በሽተኛ ስትገባና ስትወጣ፣ ስትድንና ዳግመኛ ስትታመም በመዝገብ ትጻፍ ጀመር። በ1807 ዓ.ም. ፒኔል አራት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በገቡት ከ1,000 በላይ በሽተኞች ላይ የተመሠረተ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለፈረንሳይ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ምን ያህሉ እንደሚድኑ በቁጥር ለማሳየት መጣሩ በዚያን ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ በችግር ያሳለፈው ጊዜ በከንቱ አልቀረም።

ስለ ፒኔል የሚጽፍ ሰው ግን ጉድለቱንም መናገር አለበት። እርሱና ፑሳን አስገዳጅነትን ሁሉ አላስቀሩም። የሸራው ልብስ ነበረ፤ ለብቻ ክፍል ውስጥ መዝጋትም ነበረ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ነበረ። ማስፈራራትን እንደ መድኃኒት የቆጠሩበትም ጊዜ አለ። በጾም ነፍሱን ሊያጠፋ የቆረጠ አንድ በሽተኛ ዘንድ ፑሳን በሌሊት ከሠራተኞቹ ጋር ሰንሰለት እያንኳኳ ገብቶ በነጎድጓድ ድምፅ ካስፈራራው በኋላ ሾርባውን አስቀምጦለት ሄደ፤ ሰውየውም በላ። ሕይወቱ ተረፈች፤ ነገር ግን ዛሬ አንድ አስታማሚ ይህን ቢያደርግ በሕግ ይጠየቅበታል። በዘመናቸው ከነበረው ልማድ ወደ ፊት ተራመዱ እንጂ መንገዱን አልጨረሱትም።

የመጨረሻው ዘመኑና የተረቱ አነሣሥ

ፒኔል ስለ አእምሮ ሕመም የጻፈው ዋና መጽሐፍ በ1800 ዓ.ም. ገደማ ታተመ፤ ወዲያውም ወደ ሌሎች የኤውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ከዚያ በፊት በ1798 ዓ.ም. በሽታዎችን ሁሉ በየዓይነታቸው የሚመድብ መጽሐፍ አሳትሞ በሐኪሞች ዘንድ ስሙን አስጠርቶ ነበር። በፓሪስ የሕክምና ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ የጣለው ከተማ አሁን ከፊት ወንበር አስቀመጠው። በ1803 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚ አባልነት አገኘ፤ የናፖሌዎንም አማካሪ ሐኪም ሆነ። ፑሳን በ1811 ዓ.ም. ሞተ። ፒኔል ደግሞ በ1822 ዓ.ም. መንግሥት የሕክምናውን ትምህርት ቤት ዘግቶ እንደ ገና ሲያቋቁም ከሌሎች ታላላቅ አስተማሪዎች ጋር ከመንበሩ ተነሣ። በኦክቶበር 25 ቀን 1826 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በሳልፔትሪዬር አረፈ፤ በፔር ላሼዝ መቃብርም ተቀበረ።

ተረቱ የተነሣው ከሞቱ በኋላ ነው። ሐኪም የነበረው ልጁ ሲፒዮን ፒኔል በ1836 ዓ.ም. የአባቱን ታሪክ ሲጽፍ አባቱ ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ከነበረው ከኩቶን ጋር ተከራክሮ በገዛ እጁ ሰንሰለቱን እንደ ፈታ አድርጎ ተረከው። ይህን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ነገር ግን ተረቱ ለዓይን ያማረ ነው። ሠዓሊው ሻርል ሙለር በ1849 ዓ.ም. የቢሴትርን፣ ቶኒ ሮቤር ፍለሪ ደግሞ በ1876 ዓ.ም. የሳልፔትሪዬርን ሥዕል ሣሉ። በሥዕሎቹ መካከል ቆሞ የሚታየው ሐኪሙ ነው። የፑሳን ስም ከሕዝብ አፍ ጠፋ። በፈረንሳይ መንግሥት መዝገብ ቤት ተቀብሮ የኖረው የ1797ቱ ጽሑፉ ተገኝቶ በእንግሊዝኛ የታተመው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ከተጻፈ 182 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባት ያከበረውን ሰው ልጅ ሰረዘው፤ ወረቀት መለሰው።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተረቱን ያመነ ሰው የማስታመሚያ ቤት የሚሻሻለው አንድ ታላቅ ሰው በአንድ ቀን በሚፈጽመው ጀግንነት ይመስለዋል። ስለዚህ ሕንፃ ይሠራል፤ ሐኪም ይሾማል፤ ሪባን ይቆርጣል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፒኔል ደቀ መዝሙር ኤስኪሮል በ1818 ዓ.ም. የፈረንሳይን ጠቅላይ ግዛቶች ተዘዋውሮ ካየ በኋላ ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ያቀረበው መግለጫ ይህን ያስረዳል። የፒኔል መጽሐፍ ከወጣ 18 ዓመት ያህል ሆኖት ሳለ በየአገሩ በሽተኞች ራቁታቸውን በጭድ ላይ ተኝተው፣ በሰንሰለትም ታስረው አገኛቸው። መጽሐፉ ደርሶአል፤ ፑሳንን የመሰለ ሰው ግን አልደረሰም። ፈረንሳይ በጁን 30 ቀን 1838 ዓ.ም. ስለ አእምሮ ሕሙማን ሕግ አወጣች፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ማስታመሚያ ቤት እንዲቋቋም ታዘዘ። በእንግሊዝ አገርም ዊልያም ቱክ በ1796 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ በደግነት የሚያስታምም ቤት ከፍቶ ነበር። ጆን ኮኖሊም ከ1839 ዓ.ም. ጀምሮ በሃንዌል የሸራውን ልብስ ሳይቀር ማናቸውንም የማሰሪያ መሣሪያ አስቀረ። ኮኖሊም ቢሆን ይህን ሊያደርግ የቻለው አስታማሚዎች በቁጥር እንዲበዙና በጠባያቸው እየተመረጡ እንዲቀጠሩ በማድረጉ ነው።

ለእኛ የቀረው ትምህርት

ዛሬም በብዙ አገሮች በራቸው የሚቈለፍ የአእምሮ ሕክምናና የማገገሚያ ክፍሎች አሉ። ወደነዚህ ክፍሎች የሚገቡ ሰዎች በፈቃዳቸው ለመውጣት አይችሉም፤ አንዳንዶቹም የሚቆዩት ለወራት ወይም ለዓመታት ነው። ጎብኚ ሲመጣ ወለሉ ይታጠባል። እውነተኛው መለኪያ ግን ጎብኚው ከሄደ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በሌሊት ቁልፉን የያዘው ማን ነው? እንዴት ተመረጠ? ስንት በሽተኞችስ ይጠብቃል? በሽተኛው ቀኑን ሲሠራ ይውላል ወይስ ግድግዳ ሲያይ? ተይዞ ወይም ተዘግቶበት እንደ ሆነ ምክንያቱና ሰዓቱ ተጽፎአልን? ምግቡስ ይበቃዋልን? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በቢሴትር ተነሥተው በፑሳን የተመለሱ ናቸው። የአእምሮ ሕመምን አልፈው የዳኑ ሰዎችን በደመወዝ ቀጥሮ ሌሎችን እንዲያግዙ ማድረግ በእንግሊዝና በአሜሪካ ዛሬ እንደ አዲስ ዘዴ ተስፋፍቷል፤ ፑሳን ግን ከ200 ዓመት በፊት ሠርቶበታል።

ሰንሰለቱም ቢሆን ከዓለም ገና አልጠፋም። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ወይም በመሰለው ነገር የሚታሰሩባቸው አገሮች 60 ያህል መሆናቸውን ገልጿል። በአገራችንም ሐኪም የራቀው ቤተ ሰብ የሚያደርገው ቢጠፋው የገዛ ልጁን የሚያስርበት ጊዜ አለ። ይህን ቤተ ሰብ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሰንሰለቱን ለመፍታት ግን ከተፈታ በኋላ ማታ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ የሚያበላውና የሚያነጋግረው ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ነገ በሆስፒታል፣ በወህኒ ቤት ወይም በመጦሪያ ላይ የምትሾሙ ወጣቶች ከፒኔል ሕይወት አንድ ነገር ብትወስዱ ይበቃል። ወደ ሥራችሁ በገባችሁበት በመጀመሪያው ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ፑሳን ፈልጉት። ምናልባት ዲፕሎማ የለውም፤ ደመወዙም ትንሽ ነው፤ በስብሰባም ላይ አይጠራም። በሽተኛው ሲጨነቅ ግን ስሙን የሚጠራው እርሱን ነው። ያን ሰው ጠይቁት፤ የነገራችሁንም ጻፉት፤ ስትጽፉም ስሙን አትርሱ።